አፈር ከሚበላው ዓይን ይይበት… የማስተማሪያው በጀትስ የታለ?

(ከዚህ በታች የምታነቡት ጽሑፍ በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር ዕድሮች በጋራ በጠሩት ስብሰባ ላይ አንድ በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች መጠነኛ ማሳጠር ተደርጎበታል።)



አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። የዕድር ስብሰባ ላይ ሰው የሚጠብቀው ስለ ወር መዋጮ፣ ስለ ተቀደደው ድንኳን፣ ተውሶ ሄዶ ስላልተመለሰው ብረት ድስት እንዲወራ ነው። እኔ ግን ስለ ሬሳ ዓይን ላወራችሁ ነው የመጣሁት። "ምን ዓይነቱ ሟርተኛ ነው!" የሚለኝ ሰው እንዳለ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። ቢሆንም በዚህች አገር ስለ ሞት ሳይፈራ መነጋገር የሚችል አንድ ማኅበር ቢኖር ዕድር ነው። ሌላው ሞትን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ እናንተ በመዝገብ ታውቁታላችሁ።

ነገሬ ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲሞት በሁለቱ ዓይኖቹ ላይ ያሉት የጠሩ ስስ ሽፋኖች ለሁለት ዓይነ ስውራን ብርሃን ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሙ አለ። ባንኩም አለ። የጎደለው የሟች ቤተሰብ ነገሩን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ማሳወቅ ደግሞ በባዶ እጅ አይሆንም፤ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡን ማን ይክፈል? እኔ "መንግሥት፣ ከምንከፍለው ግብር ላይ ይክፈል!" ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ።

አክስቴና የተቆለፈው ዳዊት

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሬዲዮ ስለ ዓይን ልገሳ ሰምታ፣ ማንንም ሳታማክር ብቻዋን ሄዳ ቃል ገባች። የሰጧትን ካርድ አምጥታ አሳየችኝና፣ "አፈር ከሚበላው ሰው ይይበት፤ ምን አለበት?" አለችኝ። እኔም "ጎሽ!" ብዬ ሳቅኩ። በቃ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ካርዱን ከዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው።

አክስቴ ያረፈችው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ጎረቤት ደረሰ፤ ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ። የቀረውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ካርዱ ትዝ ያለኝ ሊነጋጋ ሲል ነበር። አንድ ትልቅ ዘመዳችንን ጠጋ ብዬ በጆሮው ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "ሴትዮዋን ጎዶሎ አድርገን ልንቀብር ነው? አንተን ጋዜጣው አበላሽቶሃል!" ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ፣ ለሰው መብት እጽፋለሁ ባዩ፣ አፌ ተለጎመ።

ልቤ አላስችል ቢለኝ ካርዱን ፍለጋ ገባሁ። ዳዊቷ ከራስጌዋ የለም። ለካስ አንዲት አስተዋይ ዘመዳችን ንብረቷ በግርግር እንዳይጠፋ ብላ ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ መግነዝ ልትገዛ መርካቶ ወርዳለች። ተመልሳ ካርዱ እጄ ሲገባ ረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ከሞተች ስምንት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ነገሩ አበቃ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት፤ ቃሏንም አብረን ቀበርነው።

ወገኖቼ፣ በዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። የጮኸብኝ ዘመዴ አክስቴን ስለሚወዳት ነው የጮኸው። ቁም ሣጥኑን የቆለፈችውም ንብረት ልትጠብቅ ነው። ጥፋተኛ ካለ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አውቄ ዝም ብያለሁና። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ቃል የሚገባው ሟች ነው፣ ቃሉን የሚፈጽመው ግን ቤተሰብ ነው። ሟችን አስተምሮ ቤተሰቡን ሳያስተምሩ መቅረት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው።

ለመሆኑ የሚወሰደው ምንድን ነው?

"ዓይን መለገስ" ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው ባዶ ጉድጓድ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የሚፈለገው በተለምዶ የዓይን ብሌን እያልን የምንጠራው፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ እንደ ሰዓት መስታወት ከፊት ያለው የጠራ ሽፋን ነው። ያ መስታወት በቁስል፣ በኢንፌክሽን ወይም በአደጋ ጠባሳ ሲይዝ፣ ከኋላው ያለው ዓይን ደህና ቢሆንም ሰውየው አያይም። መድኃኒት አይመልሰውም። መፍትሔው የተበላሸውን መስታወት አንስቶ ከሞተ ሰው የተገኘ ጤነኛ መስታወት መተካት ነው። ይህ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ኖራ ዓይኑን ያቃጠለበትን አንድ የቀን ሠራተኛ በዚህ መንገድ ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው!

ብሌን የደም ሥር የላትም። ስለዚህ እንደ ኩላሊት "ከማን ጋር ትስማማለች?" ተብሎ ብዙ አይመረመርም። መነጽር ማድረግ በአብዛኛው አያግድም። የሚያግደው እንደ ኤች አይ ቪ፣ እንደ ሄፓታይተስና እንደ እብድ ውሻ በሽታ ያለው ነው፤ ለዚህም ከሟቹ የደም ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። የሟች ፊት አይበላሽም፤ ሬሳውን የሚገንዘው ሰው እንኳ ልዩነቱን አያውቅም። ቀብርም አይዘገይም።

አንድ ነገር ግን አይታገስም፤ ሰዓቱ! ባለሙያዎቹ ብሌኗ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንድትነሳ ይመክራሉ። ከተነሳች በኋላ በመድኃኒት ውስጥ ሆና ሁለት ሳምንት ያህል ልትቆይ ትችላለች፤ በሬሳው ላይ ግን አትቆይም። ስድስት ሰዓት በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጥሩምባው የሚነፋበት፣ ዘመድ የሚጠራበት፣ እናት ደረቷን የምትደቃበት ሰዓት ነው። ማንም ሰው አዲስ ነገር የሚማርበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ ከለቅሶው ቀድሞ መምጣት አለበት። የበጀቱ ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ከኩላሊት ጋር አናምታታው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የተጀመረውም በሕይወት ያለ ዘመድ ለዘመዱ በሚሰጠው ኩላሊት ነው። እሱ የራሱ ጣጣ፣ የራሱም አደጋ ያለው ሌላ ርዕስ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ሰጪው ምንም የማይጎዳበትን፣ ተቀባዩ ግን ዓለም የሚያገኝበትን ስጦታ ነው።

ስንቱ ነው የሚጠብቀው?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደ የዓይን ጤና ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነው። ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ እሱ በቀዶ ጥገና ይድናል። 11.5 በመቶውን ያሳወረው ትራኮማ ብሌኑ ላይ የጣለው ጠባሳ ነው። 7.8 በመቶውን ደግሞ በሌላ ምክንያት የመጣ የብሌን ጠባሳ ነው። ሁለቱን ደምሩት፤ 19.3 በመቶ ይሆናል። ከአምስት ዓይነ ስውራን አንዱ ያህል ብርሃኑን ያጣው በዚችው በመስታወቷ ምክንያት ነው ማለት ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሁሉም በንቅለ ተከላ አይድንም። ትራኮማ ክፉኛ ያደረቀው ዓይን የተተከለለትን ብሌን ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ለትራኮማ ዋናው መድኃኒት መከላከል ነው። ግን በአደጋ የተጎዳ አለ፤ ኢንፌክሽን ጠባሳ የጣለበት አለ፤ ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም ብሌኑ ሾጥጦ ማየት የተሳነው ወጣት አለ። ለእነዚህ መዳኛው ሌላ ሰው ትቶት የሚሄደው ብሌን ነው።

አንዱን አውቀዋለሁ። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ ነው። አንድ ዓይኑ በልጅነቱ ጠፍቷል። ሁለተኛው ደግሞ ቆስሎ ጠባሳ ያዘና አሁን የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ጥበብ ይጥል የነበረ እጅ ዛሬ ለጓደኞቹ ክር ያጠነጥናል። ብሌን ይጠብቃል። "ታዲያ ምን ብለህ ትጸልያለህ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ የጋዜጠኛ ነገር፣ ክፉ ጥያቄ ነው። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ሰው ይሙትልኝ ተብሎ እንዴት ይጸለያል? እኔ የምለምነው የሞተው ሰው ቤተሰብ እንዲሰማ ነው" አለኝ። አክስቴን በቀበርን ሰሞን ይህ ቃሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

"በትንሣኤ ዕለት በምን አያለሁ?"

ይህን ጥያቄ አንንቀው። ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቀው። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ መልሱን የሃይማኖት አባቶች ይስጡ። ግን እንደ አንድ ምእመን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሓድያን ሥጋውን አቃጥለው፣ ፈጭተው፣ በደብረ ይድራስ በተኑት ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ታዲያ ከአመድ ያስነሳው አምላክ ብሌን ቢጎድል ይቸግረዋል? በአውሬ የተበሉት፣ ባሕር የዋጣቸው ሰማዕታትስ?

ሙስሊም ወንድሞቻችንም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የአካል ልገሳን በቅድመ ሁኔታ መፍቀዱን ያውቁታል። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2000 ሮም ላይ ለተሰበሰቡ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ልገሳን የፍቅር ሥራ አድርገው አስተምረዋል። ቁም ነገሩ ይህን ለሕዝቡ በየቋንቋው፣ በየደብሩና በየመስጊዱ ማን ያድርስለት? ነው። አባቶችን ሰብስቦ ማወያየት፣ ሐኪም አምጥቶ ጥያቄያቸውን ማስመለስ ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

እስካሁን ማን ከፈለ?

የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሲቋቋም ኦርቢስን የመሳሰሉ የውጭ ድርጅቶች ረድተውታል፤ እግዜር ይስጣቸው። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው አርአያ ሆነዋል፤ እሳቸውንም ነፍስ ይማር። የዛሬው ጥያቄዬ ምስጋና የሚገባውን ለማመስገን አይደለም። ባዕድ ማይክሮስኮፕ ሊሰጠን ይችላል፤ ሐኪም ሊያሠለጥንልን ይችላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ "እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት፤ አንድ ነገር ልንገርዎት?" ሊልልን ግን አይችልም። ያ የእኛ ሥራ ነው። የፈረንጅ ገንዘብ ደግሞ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት መጀመሪያም መጨረሻም አለው። ሞት ግን መጨረሻ የለውም፤ በየሌሊቱ ይመጣል። በየሌሊቱ ለሚመጣ ነገር በየዓመቱ የሚመደብ ቋሚ በጀት ያስፈልገዋል።

ዛሬ የዓይን ባንኩ ያለው በመንግሥት የደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ነው። መልካም! እንግዲያው ኃላፊው ታውቋል ማለት ነው። ጥያቄዬም አጭር ነው፤ ሕዝቡን ለማስተማር በዚህ ዓመት ስንት ብር ተመደበ? በምን ላይ ዋለ? ስንት ቤተሰብ ተጠየቀ? ስንቱ እሺ አለ? ግብር ከፋይ ይህን የመጠየቅ መብት አለው። "ግንዛቤ መፍጠር" የሚባለውን ነገር እናውቀዋለንና! በትልቅ ሆቴል አንድ ዐውደ ጥናት፣ ሻይና ብስኩት፣ አበል፣ ኮፍያና ካናቴራ፣ በመጨረሻም የቡድን ፎቶግራፍ። ካናቴራ ለለበሰው ይሞቀው ይሆናል፤ ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔ ግን ብሌን አይሆነውም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ስሪላንካን እንይ። ሁድሰን ሲልቫ የሚባል ሰው ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ሕዝቡ ዓይኑን እንዲለግስ በጋዜጣ ጥሪ ጻፈ። በጋዜጣ! (እኛም ተስፋ አንቁረጥ።) እ.ኤ.አ. በ1960 እናቱ ሲሞቱ የራሳቸውን የእናቱን ብሌን ወስዶ ለአንድ ድሃ ገበሬ ተከለ። በዓመቱ የዓይን ልገሳ ማኅበር አቋቋመ። የቡድሃ መነኮሳት ልገሳን ምጽዋት ነው ብለው አስተማሩ፤ ማኅበሩ በየመንደሩ ቅርንጫፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ብሌን ለሲንጋፖር ላከ። ከዚያ ወዲህ ያች ደሴት ለራሷ ሕዝብ ደርሳ ለብዙ አገር ተርፋለች። ፕሬዝዳንት የነበሩት ጃየዋርድና እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያርፉ ዓይናቸው ለጃፓን ሄደ። ድሃ አገር ለሀብታም አገር ብርሃን ሰጠች ማለት ነው።

"ታዲያ ሲልቫ ያለ መንግሥት በጀት ሠራ አይደለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ሲልቫን የመሰለ ሰው በየዘመኑ አይወለድም። እንዲህ ያለ ሰው እስኪወለድልን ዓይነ ስውሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ? የመንግሥት በጀት ማለት እኮ ጀግና በሌለበትም ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ስፔን እንዲያ ነው ያደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1989 በመንግሥት ገንዘብ አንድ ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት አቋቋመች። ያኔ ከሚሊዮን ሕዝብ የአካል ለጋሽ 14 ያህል ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ ሆነ። ምስጢሩ ማስታወቂያ ማብዛት አልነበረም። ገንዘቡን ያዋሉት በየሆስፒታሉ፣ ያዘነን ቤተሰብ በወግ ማነጋገር የሚያውቅ ሰው በማሠልጠንና በማስቀመጥ ላይ ነው። ሌሊትም ቀንም የሚመለስ ስልክ ዘረጉ፤ ጋዜጠኞችን አስተማሩ። ልብ በሉ፤ ብሩ የወጣው ለቢልቦርድ ሳይሆን ለሰው ነው።

በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ደግሞ አገረ ገዢው ሮበርት ኬሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ልብና ጉበት ተተክሎላቸው ከሞት ተረፉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1994 አንድ ሕግ ወጣ። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ወይም የሚያሳድስ ሰው በፈቃዱ አንድ ዶላር ይጨምር ነበር፤ ዶላሩ ስለ አካልና ሕብረ ሕዋስ ልገሳ ማስተማሪያ በተቋቋመ ፈንድ ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ ዶላር! ማዶ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ "ለጋሽ መሆን ትፈልጋለህ?" ይባላሉ፤ አዎ ላለ ሰው በብዙ ግዛቶች ካርዱ ላይ ትንሽ ልብ ትታተምለታለች። ብዙው የእኛ ሰው ያን ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ነው። እዚህ ሳለ ማን ነግሮት?

መተማመን ከጠፋ…

ገንዘብ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 እስራኤል ውስጥ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በቅን ልብ የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ፍርሃት በስውር ሲጣል መኖሩን ጋዜጣ አጋለጠ። ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። የተቆጡት ለደሙ አልነበረም። "ስጦታችንን ተቀብላችሁ፣ ፊት ለፊት እውነቱን ሳትነግሩን፣ ከጀርባ ጣላችሁት" ነበር ነገሩ። ለጋሽ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ እውነት ነው። ስለዚህ በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ትምህርት እውነቱን በሙሉ ይናገር። ብሌኗ ለማን እንደምትሰጥ፣ ወረፋው እንዴት እንደሚያዝ፣ ለባለሥልጣን ዘመድ ቅድሚያ እንደማይሰጥ ይናገር። "እምቢ" ማለት መብት መሆኑንም ይናገር። ቀበሌ እየዞረ በግድ የሚያስፈርምበት ቀን ከመጣ፣ ያን ቀን እኔ ራሴ ተቃውሜ እጽፋለሁ!

ጥሩ ምሳሌም አለን። የደም ባንኩን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያስተዳድረው የነበረው ቀይ መስቀል ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ደም ሲፈልግ ዘመድ ተሯሩጦ ምትክ ይሰጥ ነበር፤ የሰው አገር ሰው የሆነ ደግሞ የሚሰጠው አጥቶ ይሰቃይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ መንግሥት ሲዞር የመንግሥትም የለጋሽም ገንዘብ ፈሰሰበት። ድንኳኑ አደባባይ ወጣ፤ ትምህርት ቤት ገባ። ዛሬ አብዛኛው ደም የሚመጣው ከበጎ ፈቃደኛ ነው። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው የሚያስረዳው ሰው ማግኘቱ ነው። ለደም የሆነ ለዓይን የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

"ዳቦ ሳይኖር ዓይን?"

ይህንም ሰምቻለሁ። "ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ፣ ጤና ጣቢያው መርፌ አጥቶ፣ ለሬሳ ዓይን በጀት?" ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓይነ ስውርነት ራሱ ዳቦ ይነጥቃል። ሸማኔው ሲታወር የተቋረጠው የእሱ ገቢ ብቻ አይደለም፤ እጁን ይዛ የምትመራው ልጅም ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ሁለተኛ፣ ሐኪሙንና ማይክሮስኮፑን አቆይቶ ብሌን ማጣት፣ ወፍጮ ተክሎ እህል እንደማጣት ነው። ትልቁ ወጪ ወጥቷል፤ የቀረው ትንሹ ነው። ትንሹን ነፍጎ ትልቁን ከማባከን የበለጠ ምን ብክነት አለ?

ምን ይደረግ?

ለመንግሥት የምለው ይህን ነው። ለዓይን ልገሳ ትምህርት ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይያዝ፤ ውጤቱም በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ሪፖርቱም "ይህን ያህል በራሪ ወረቀት ታተመ" ሳይሆን "ይህን ያህል ቤተሰብ አነጋገርን፣ ይህን ያህሉ ፈቀደ፣ ይህን ያህሉ ሰው አየ" የሚል ይሁን። በየሆስፒታሉ ያዘነ ሰው ማነጋገር የሠለጠነ ባለሙያ ሌሊትም ቀንም ይኑር። ለልጆችም በትምህርት ቤት ይነገር፤ ልጅ የሰማውን ነገር ማታ እቤት ያደርሳልና።

ለእናንተ ለዕድሮች የምለው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። መዝገባችሁ ላይ የአባሉ ስም፣ የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ የወላጆቹ ስም አለ። ከጎኑ አንዲት ዓምድ ጨምሩ፤ "ዓይኑን ለመለገስ ቃል ገብቷል" የምትል። በፈቃዱ የሚሞላ ይሙላ፤ የማይፈልግ ይተው። የባንኩን ስልክ ከመዝገቡ ሽፋን ላይ ለጥፉ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ማነው? ሐኪም አይደለም፤ ቀበሌም አይደለም፤ የእናንተ ጥሩምባ ነፊ ነው! ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት ዳኛው መዝገቡን ገልጦ ያቺን ዓምድ ቢያይ፣ ስድስቱ ሰዓት ለብዙ ነገር ይበቃል።

እኔ ያን ሌሊት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ብቻዬን ቆሜ አፌ አይለጎምም ነበር። ዕድሩ ይናገርልኝ ነበር። "ይህ የልጁ ወሬ አይደለም፤ የሟች ቃል ነው፤ በመዝገባችን ላይ በእጇ ፈርማለች" ይል ነበር። ያ ዘመዴ፣ አምናለሁ፣ ዕድርን አይጮህበትም። የሟችን ቃል ማክበር እናንተ ያስተማራችሁን ነገር ነው።

እኔ ካርዴን አውጥቻለሁ። ለባለቤቴ፣ ለወንድሜ፣ ለጎረቤቴ፣ ያን ለጮኸብኝ ዘመዴም ጭምር አሳይቻለሁ። በመጀመሪያ ዝም አለኝ። ከዚያ፣ "ይቺን ወረቀት የት ነው የምታስቀምጣት?" ብሎ ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ፣ ሁሉም የሚያየው ቦታ ለጥፌያታለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ አይደለችም።

 ዕድሜ ይስጣችሁ፤ መዋጮውንም እግዜር ለክፉ አያድርገው።